ነገ እንቅልፍ ሲነሳ

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። ቀደም ሲል በሕግና በጥቂት ሙያዎች ብቻ ይታወቅ የነበረው ፈተና የሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ዕጣ ሆነ። ውጤቱ ሲወጣ ያለፉት 40 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተፈተኑት 62 ከመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት ከአምስቱ አንዱ እንኳ አልሞሉም። ዓመታት የለፉበትን ትምህርት ጨርሰው፣ የምርቃት ዜናቸውን ለዘመድ አዝማድ ያሰሙ ብዙ ወጣቶች ዲግሪ ሳይዙ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ያላለፈ ተማሪ በሌላ ዙር እንደገና የመቀመጥ ዕድል አለው። ፍርሃቱ ግን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ገና ፍሬሽማን ሳሉ «አራት ዓመት ተምሬ ብወድቅስ?»፣ «ባልፍስ ሥራ የት አለ?» እያሉ የሚብሰለሰሉ ሞልተዋል። ይህን «የወጣትነት ነገር ነው፣ ያልፋል» ብሎ ማቃለል ተገቢ አይደለም፤ መነሻው በዓይን የሚታይ ነውና። ይበልጥ ሊጤን የሚገባው ተማሪው ከጭንቀቱ ለመሸሽ የሚመርጠው መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ ያ መንገድ የፈራውን ነገር ያቀርብበታል። ሌሊቱን ሲቸክል ያድርና ጠዋት ፈተናው ላይ ይደነዝዛል። ሥራ አላገኝም ብሎ ስለሚፈራ አንድም የሥራ ማስታወቂያ ሳያነብ ይመረቃል። ወላጆቹን እንዳያሳዝን ውጤቱን ይደብቅና ጭንቀቱን ብቻውን ይሸከማል።

የጭንቀቱ ሥር ከግቢው በር ይጀምራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ። በ2016 ቁጥሩ ወደ 5.4 ከፍ አለ። በእነዚህ ዓመታት የማካካሻ ትምህርት ሳያስፈልገው ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ በትምህርት ቤቱ፣ ምናልባትም በወረዳው፣ ስሙ የሚጠራ ነው። ግቢ ሲደርስ ዶርም የሚጋሩት ልጆች ሁሉ እንደ እሱ ስማቸው የሚጠራ ሆነው ያገኛቸዋል። ተመራማሪው ኸርበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ በብዙ አገሮች አጥንቷል። ችሎታቸው እኩል የሆነ ሁለት ተማሪዎች ቢኖሩ፣ ጎበዞች ወደተሰበሰቡበት ትምህርት ቤት የገባው ስለ ራሱ የትምህርት ችሎታ ያለው ግምት ከሌላው ያንሳል። ልጁ አልሰነፈም፤ የሚለካባቸው ጓደኞች ተለወጡ እንጂ። ይህን የሚነግረው ሰው ከሌለ ግን የመጀመሪያውን ሚድ ውጤት ሲያይ «ለካ ጎበዝ አልነበርኩም» ብሎ ይደመድማል።

በዚያ ላይ ቋንቋው አለ። በትውልድ ቀዬው በአፍ መፍቻው ሲከራከርና ሲያስረዳ የኖረ ወጣት፣ በእንግሊዝኛ ፕሬዘንቴሽን አቅርብ ሲባል እጁ ይንቀጠቀጣል። ምደባው ከቤቱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር አርቆት ሊሆን ይችላል። የጂፒኤው ነገር፣ ዋርኒንጉ፣ ዲስሚሳሉ ደግሞ ገና ከመግቢያው ጀምሮ ከሲኒየሮች የሚሰማው ወሬ ነው።

ቀጥሎ የዲፓርትመንት ምርጫ ይመጣል። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት ከተማሪዎች 70 ከመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማሩ የሚያደርግ ፖሊሲ ሲከተል ነበር። ፖሊሲው ብዙዎችን ባልመረጡት ትምህርት ላይ አስቀምጧል። ዛሬም ምርጫ የሚሞላው ተማሪ ቢሆንም የሚወስነው ውጤቱና የቦታው ብዛት ነው። ቤተሰብ ዶክተር ወይም ኢንጂነር ብሎ የሰየመው ልጅ ሌላ ዲፓርትመንት ሲደርሰው፣ የራሱን ቅሬታ ከማስተናገዱ በፊት ለቤተሰቡ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ ይጨነቃል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ «ዶክተር» የሚለው ማዕረግ ራሱ የሥራ ዋስትና መሆኑ ቀርቷል። ቀድሞ እንደተመረቁ በመንግሥት የሚመደቡ የነበሩ ሐኪሞች ቅጥር ሲጠብቁ ታይተዋል። ይህን ያየ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ «እነሱ እንዲህ ከሆኑ እኔስ?» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ጭንቀቱ ምን ያህል እንደሚስፋፋ የሚያሳዩ የአገር ውስጥ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ በአዳማ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ጥናት ከተማሪዎቹ 21.6 ከመቶው የአእምሮ መጨናነቅ ምልክት እንዳለባቸው አመለከተ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የወጣው ውጤት 40.9 ከመቶ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች መራራቃቸው ሊያስገርም አይገባም፤ የተጠናበት ወቅት፣ «ተጨንቋል» የሚያሰኘው መቁረጫ ነጥብና የተማሪው ሁኔታ ሊለያዩ ይችላሉ። እንዲህ ያሉ ጥናቶች የሚጠቀሙበት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ 20 «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልባቸው ጥያቄዎች አሉት። ራስህን ያምሃል ወይ? የምግብ ፍላጎትህ ቀንሷል? እጅህ ይንቀጠቀጣል? እንቅልፍህ ይረበሻል? ውሳኔ መስጠት ይከብድሃል? መጠይቁ በሽታ አይለይም፤ ይህ ሰው ቀረብ ብሎ ሊታይ ይገባል የሚል ምልክት ነው የሚሰጠው። ከ100 ተማሪ 20ም ይሁን 40፣ በአማካይ በአንድ ዶርም ውስጥ አንዱ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያ አንዱ ዝም ብሏል።

ጥቂት ጭንቀት ይጠቅማል። ይህ ማጽናኛ ብቻ አይደለም፤ የርክስና ዶድሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ ካደረጉት ሙከራ ጀምሮ ሲጠና የኖረ ነው። ፍጹም ያልተነቃቃም፣ ከልክ በላይ የተነቃቃም ከባድ ሥራ አይሠራም፤ መካከለኛው ይሻላል። አደጋን የሚያውጅ ስሜት ሲነሳ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ እጅ ያልበዋል። ይህ ራሱ ፈተናን አያበላሽም። እ.ኤ.አ. በ1967 ሊበርትና ሞሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች የፈተናን ጭንቀት በሁለት ከፈሉት፦ አንዱ የሰውነት መረበሽ፣ ሌላው በአእምሮ የሚመላለስ ስጋት ነው። ውጤትን በይበልጥ የሚጎዳው ሁለተኛው ሆኖ ተገኘ። ጥያቄ ቁጥር 12ን እያነበበ «ብወድቅ አባቴ ምን ይላል» የሚል ተማሪ፣ ለማሰብ የሚያስፈልገውን ቦታ ግማሹን ለአባቱ ሰጥቶታል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪው ጄሚሰንና ባልደረቦቹ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን ብቻ፣ በፈተና ወቅት የሚሰማ የሰውነት መነቃቃት ውጤትን እንደማይጎዳ፣ እንዲያውም ሊረዳ እንደሚችል ነገሯቸው። እነዚህ በሒሳቡ ክፍል የተሻለ ውጤት አመጡ። የሰውነታቸው መነቃቃት አልቀረም፤ መነቃቃቱን ግን የውድቀት ምልክት አድርገው አልቆጠሩትም።

አሁን ወደ ማምለጫዎቹ እንምጣ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

የመጀመሪያው ደጋግሞ ማንበብ ነው። በፈተና ሰሞን ላይብረሪ እስኪነጋ ይሞላል። ሃንድአውት ሦስቴ አራቴ ይነበባል፣ በቀለም ይሰመራል። ተማሪው ሲያነብ ሁሉም ነገር የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ጭንቀቱም ለጊዜው ጋብ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ስሜት ፈትነውታል። አንደኛውን የተማሪዎች ቡድን አንድ ጽሑፍ በአራት የጥናት ክፍለ ጊዜ ደጋግመው አስነበቡት። ሌላኛው በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ሦስት ጊዜ እንዲጽፍ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት 40 ከመቶውን ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 ከመቶውን አስታወሱ። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ በደንብ እናስታውሳለን ብለው የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት መሆናቸው ነው። ሃንድአውቱን ዘግቶ ባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ ምቾት አይሰጥም፤ አለማወቅን ፊት ለፊት ያሳያል። የተጨነቀ ሰው የሚሸሸው ይህንኑ ስለሆነ ወደ ማንበቡ ይመለሳል።

ለመውጫ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ይህን በቀላሉ ሊጠቀምበት ይችላል። ለየትምህርት ዘርፉ የተዘጋጀ ብሉፕሪንት አለ፤ ምን ምን ኮርሶች ላይ እንደሚጠየቅ ያመለክታል። ዩኒቨርሲቲዎች ሞዴል ፈተና ይሰጣሉ፤ የቀደሙ ጥያቄዎችም በቴሌግራም ይዞራሉ። ሞዴሉን ሁሉን አጥንቼ ስጨርስ እሠራዋለሁ ብሎ ለመጨረሻ ማቆየት የተለመደ ነው። ይልቅ መጀመሪያ ላይ ቢሠራና የተሳሳተባቸው ኮርሶች ቢለዩ፣ «የአራት ዓመት ትምህርት» የሚባለው ተራራ ወደ አምስት ስድስት ደካማ ርዕሶች ይወርዳል። ለእያንዳንዳቸው ደግሞ ቀን ሊቆረጥላቸው ይችላል።

ሁለተኛው ማምለጫ ጫት ነው። በዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ ባሉ ቤቶች «ለጥናት» ተብሎ ይቃማል፤ ብዙ ተማሪ የጀመረው በፈተና ሰሞን ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1975 የተለየ ሲሆን አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። በምርቃናው ሰዓት ትምህርቱ ገብቶኛል የሚል እርግጠኝነት ይሞላል። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ስሜት ይወርዳል፣ ልብ ይደልቃል፤ ጭንቀቱም ካቆመበት ይቀጥላል። ያንን ለማብረድ ወደ መጠጥ፣ ወደ ጨብሲ፣ ይገባል፤ ከድጡ ወደ ማጡ። ቡናም ቢሆን ሰዓት ይፈልጋል። ካፌይን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ማታ 3 ሰዓት የተጠጣ ሲኒ ግማሹ ሌሊት 8 ሰዓት ላይም አለ። በቀን የተጠናው በአእምሮ የሚጸናው ደግሞ ሲተኛ ነው። ከፈተና በፊት ያለውን ሌሊት ሙሉ በሙሉ በጥናት ማሳለፍ፣ የሳምንቱን ድካም በገዛ እጅ እንደማፍሰስ ነው።

ስለ ወደፊቱ ያለው ስጋት ከፈተናው የሚለየው ቀን የተቆረጠለት ባለመሆኑ ነው። ፈተና ያልቃል፤ «ምን እሆናለሁ?» ግን አያልቅም። እንዲህ የሰፋ ጥያቄ መልስ ስለሌለው አእምሮ ሌሊት ሌሊት ያላምጠዋል። አንድ ነገር ግን ማድረግ ይቻላል፦ ጥያቄውን ማጥበብ። እንበል አንዲት የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ፣ በዘርፏ የወጡ 20 የሥራ ማስታወቂያዎችን ሰብስባ የሚጠይቁትን ጻፈች። ዜሮ ዓመት ልምድ የሚቀበሉት ስንት ናቸው? የጂፒኤ ገደብ አላቸው? የተመረቁበትን ዓመት ይገድባሉ? የትኛውን የሒሳብ ሶፍትዌር ይጠራሉ? ቦታው አዲስ አበባ ብቻ ነው ወይስ ክልልም አለ? ይህን ካወቀች «ሥራ የለም» የሚለው ወሬ ይለወጣል። ምናልባት ሥራው በእርግጥ ጥቂት ይሆናል፤ ግን በቀሯት ሦስት ሴሚስተሮች ምን መማር እንዳለባት ታውቃለች።

አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ የሚነበብበት ቦታ እንደነበር አዲስ አበባ የቆየ ሁሉ ያውቃል። ተመራቂዎች ቆመው ጋዜጣ ያገላብጡ፣ ቁጥር ይጽፉ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ማስታወቂያ በስልክ ይገኛል፤ ኢትዮጆብስን የመሰሉ ድረ ገጾችና የቴሌግራም ቻናሎች ክልል ላለ ተማሪም በእጁ ናቸው። ከምርቃት በኋላ ብቻ እዚያ መድረስ ግን ዘግይቶ መድረስ ነው። ደረጃ የተባለው ፕሮግራም በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲቪ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ ዝግጅት ያሠለጥናል። በሐምሌ 2016 ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ፕሮግራሚንግና ዳታ ሳይንስን በነፃ በኢንተርኔት ያስተምራል፤ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ብቻ የተከለለ አይደለም። ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ደግሞ ኢንተርንሺፑ አለ። ብዙዎች ማኅተም አስመትቶ ሪፖርት ማስገቢያ አድርገው ያሳልፉታል። ነገር ግን ያ ሴሚስተር አንድ የሥራ ኃላፊ ተማሪውን በስሙ የሚያውቅበት የመጀመሪያ አጋጣሚ ነው፤ ከዚያ የሚገኝ የድጋፍ ደብዳቤ ዜሮ ዓመት ልምድን ትንሽም ቢሆን ከፍ ያደርጋል።

ሦስተኛው ማምለጫ ዝምታ ነው፤ ከሁሉም ከባዱ። ልጅን ዩኒቨርሲቲ ለማድረስ ብዙ ቤተሰብ ከሌላው ቀንሷል፤ ከብት ሸጦ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ አረብ አገር ያለች እህት ከደመወዟ ልካ። ይህን የሚያውቅ ልጅ «እማዬ፣ እየከበደኝ ነው» ለማለት አፉ አይከፈትም። ስልክ ሲደወል «ደህና ነኝ፣ ትምህርቱም ጥሩ ነው» ይላል። ወላጅም ለፍቅሩ ሌላ ጥያቄ አጥቶ «ስንት አመጣህ?» ብቻ ይጠይቃል። ውጤት ሲደበቅ ግን ጭንቀቱ ይደረባል፤ ከትምህርቱ በላይ የሚታወቅበትን ቀን መፍራት ይመጣል። ቤት ለመናገር የከበደው ቢያንስ ለታላቅ ወንድሙ፣ ለአክስቱ፣ ነገሩን በለዘብታ ለሚያደርስለት ዘመድ ቢነግር ሸክሙ ይቀላል። ወላጆችም «ምግቡ እንዴት ነው? ትተኛለህ ወይ? ጓደኛ አገኘህ?» ብለው ቢጀምሩ፣ ልጁ ስለ ውጤቱ ራሱ የሚያነሳበት በር ይከፈታል።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ግቢዎች በቂ ምስጋና ያላገኘ ሀብት አላቸው። የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ግቢ ጉባኤ፣ የወንጌላውያኑ ፌሎሺፕ፣ የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ ለብዙ ወጣት ከቤት የራቀበትን ዘመን ያሻገሩ ናቸው። እዚያ ሲኒየሩ ለጁኒየሩ ቲቶሪያል ይሰጣል፣ ሃንድአውት ያወርሳል፣ የታመመ ይጠየቃል። ፍሬሽማን ሆኖ ወድቆ የተነሳ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ለተጨነቀ ልጅ ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ ማስረጃ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሕመም የደረሰበትን ሰው «ጸሎት አጉድለሃል» ብሎ መውቀስ ዝም እንዲል ያደርገዋል። ጸሎቱም ሕክምናውም አብረው መሄድ ይችላሉ።

ታዲያ መቼ ነው ባለሙያ የሚያስፈልገው? ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መመዘኛ፣ ስጋቱ አብዛኛውን ቀን ለስድስት ወር ያህል ከቆየ፣ ሰውየው ሊቆጣጠረው ካልቻለ፣ እንቅልፍንና ትኩረትን ካወከ፣ አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም ሊሆን ይችላል ይላል። ተማሪ ግን ስድስት ወር መጠበቅ የለበትም። ክፍል መግባት ካቆመ፣ ከዶርም ካልወጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ድንገት ትንፋሽ እያጠረው «ልሞት ነው» የሚያሰኝ ድንጋጤ ከተደጋገመበት፣ ያኔውኑ ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ወይም ወደ ምክር አገልግሎት መሄድ ይገባዋል። መኖር አልፈልግም የሚል ሐሳብ ያነሳ ጓደኛን ደግሞ ለብቻው መተው አይገባም፤ አብሮት ሄዶ ባለሙያ ዘንድ ማድረስ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ እንደ ጅማና ጎንደር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም በሆስፒታሎቻቸው የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ጭንቀት በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም የሚታከም ነው፤ «አማኑኤል ገባ» የሚባለውን ሐሜት ፈርቶ የቀረ ሰው ግን ይህን የማወቅ ዕድል አያገኝም።

ይህ ሁሉ ለተማሪው ብቻ የሚተው የቤት ሥራ መሆን የለበትም። የፍሬሽማን ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ጄኔራል ሳይኮሎጂና የሕይወት ክህሎት የሚባል ኮርስ አብሮ ገብቷል። ጭንቀትን ስለ መቋቋም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ሙያ ምርጫ የሚያወራ ኮርስ ነው። በብዙ መቶ ሰው አዳራሽ በሌክቸር ተሰጥቶ በምርጫ ጥያቄ ሲፈተን ግን ተማሪው እንደ ማንኛውም ኮርስ ሸምድዶት ያልፋል። መምህራኑ አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ወስደው ተማሪዎቹ ባዶ ወረቀት ላይ ራሳቸውን እንዲፈትኑ፣ 20 ማስታወቂያ እንዲሰበስቡ፣ የምክር ቢሮው በር የት እንዳለ በእግራቸው ሄደው እንዲያዩ ቢያደርጉ ኮርሱ ለተጻፈበት ዓላማ ይውላል። ያ ቢሮ ደግሞ ተማሪው ክፍል በሚሆንበት በሥራ ሰዓት ብቻ ከሚከፈት፣ በሚድና በፋይናል ሳምንታት ላይብረሪው ክፍት እስከሆነ ድረስ ማታም አንድ አማካሪ ቢቀመጥበት ይበጃል፤ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነውና።